ማንጎውን ከመቁረጣችን በፊት

በማንጎ ቅጠል ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ሲታይ ብዙ ሰው «ይሄ ዛፍ አበቃለት፣ ይቆረጥ» ይላል። አትቸኩሉ! ነጠብጣቡ ነጭ የማንጎ ስኬል የሚባል ተባይ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የታየው በ2010 እ.ኤ.አ. ምሥራቅ ወለጋ ነው። የቅጠሉን ጭማቂ እየመጠጠ ይኖራል፤ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል፣ ፍሬውም ይበላሻል።

ተባዩ ጥላ ይወዳል። ከጫፍ ይልቅ ታችኛውንና መሀል ያለውን የተጨናነቀ ቅርንጫፍ ይመርጣል። ስለዚህ ስትፈትሹ እዚያ ግቡና ቅጠሉን ገልብጣችሁም እዩ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ፍሬው ከተለቀመ በኋላ መሀሉን አሳሱት፤ ፀሐይና ነፋስ ይግባበት። የተቆረጠውን ሌላ ማንጎ ሥር አትጣሉ፣ አቃጥሉት። ዛፉ ከሥሩ ከተቆረጠ ግን ፍሬውም፣ ልጆቻችን የሚያጠኑበት ጥላም አብሮ ይሄዳል።