አሉሚኒየም ከአሉሚኒየም ጋር ሲበየድ

«አሉሚኒየም አይዝግም» ይባላል። ድስት ወይም መስኮት ለሚገዛ ሰው ይህን ያህል ማወቅ ይበቃዋል፤ የባሕር ጀልባ ለሚሠራ ግን አይበቃም። የአሉሚኒየም ጀልባ ብዙ ጊዜ ከሁለት ዓይነት ቅይጥ ይሠራል፦ ውኃ የሚነካው ላሜራ 5083 በሚባለው፣ ላሜራውን ከውስጥ የሚደግፉት ዘንጎች ደግሞ 6082 በሚባለው። በዓይን አይለዩም። እሳት ሲነካቸው ግን ጠባያቸው ለየቅል ነው።

5083 ከ4 እስከ 5 በመቶ የሚሆን ማግኒዥየም አለው። ማግኒዥየሙ በአሉሚኒየሙ ውስጥ ሟሙቶ ያጠነክረዋል፤ ላሜራው ሳይሞቅ በማሽን ሲዳመጥ ደግሞ ይበልጥ ይጠነክራል። 6082 ጥንካሬውን የሚያገኘው ከምድጃ ነው። በደንብ ይግላል፣ በፍጥነት ይቀዘቅዛል፣ ከዚያም በ175 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ለሰዓታት ይቆያል። በዚህ ጊዜ በውስጡ ያሉት ማግኒዥየምና ሲሊኮን ተገናኝተው በተራ ማይክሮስኮፕ እንኳ የማይታዩ መርፌ መሰል ቅንጣቶች ይሆናሉ። ብረቱ ሊታጠፍ ሲል የአተሞቹ ረድፎች እርስ በርስ እንዳይንሸራተቱ የሚያግዱት እነዚህ ናቸው።

በያጁ ሲመጣ ስፌቱ ላይ ሁለቱም ይቀልጣሉ። ከስፌቱ ግራና ቀኝ ያለው ግን ሳይቀልጥ ክፉኛ ይሞቃል፤ ዋናው ችግር የሚፈጠረውም እዚያ ነው። በ6082 በኩል ደቃቆቹ መርፌዎች እየተሰባሰቡ ይወፍራሉ። ሽሮ ሲጓጉል የዱቄቱ መጠን አይቀንስም፤ በጓሎቹ መካከል ያለው ግን ይቀጥናል። እዚህም የሆነው ይኸው ነው፦ ቅንጣቶቹ ጥቂትና ትልልቅ ሲሆኑ በመካከላቸው ሰፊ ክፍተት ይተዋሉ፣ የሚያግዳቸው ያጡት ረድፎችም ይንሸራተታሉ። በአውሮፓ የግንባታ ደንብ 260 ሜጋፓስካል ይሸከማል የሚባል የ6082 ዘንግ፣ ከስፌቱ አጠገብ ባሉት 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትሮች ላይ 125 ብቻ ይታሰብለታል። ግማሽ እንኳ አይሞላም! ስለዚህ በደንብ የተበየደ መጋጠሚያ ተስቦ ሲፈተን የሚበጠሰው ብዙ ጊዜ በያጁ በተጨነቀበት ስፌት ላይ ሳይሆን በጎኑ ነው።

ወደ ዝገቱ እንምጣ። አሉሚኒየምን የሚጠብቀው ጥቂት ናኖሜትር ብቻ የሚወፍር የኦክሳይድ ቆዳ ነው፤ ሲጫር ወዲያው ራሱን ይተካል። የባሕር ጨው ግን ይህን ቆዳ በደካማው በኩል ይበሳዋል። ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተነካክተው ጨው ውኃ ውስጥ ሲገቡ ባትሪ ይሆናሉ፣ አንደኛው ለሌላው ሲል ይበላል። 5083 እና 6082 በዚህ ረገድ ስለሚቀራረቡ አብረው ይኖራሉ። መዳብ የበዛበትን የአውሮፕላን ቅይጥ 2024ን ከ5083 ጋር ማጋጠም ግን ላሜራውን ለዝገት አሳልፎ መስጠት ነው።

የ5083 ሥጋት ከራሱ ከማግኒዥየሙ ይመጣል። ብረቱ በግምት ከ65 እስከ 200 ዲግሪ ባለው ሙቀት ለረጅም ጊዜ ከቆየ፣ ማግኒዥየሙ ብረቱ የተሠራባቸው ክሪስታሎች ወደሚገናኙበት ድንበር ወጥቶ ከአሉሚኒየም ጋር አዲስ ውሕድ ይሠራል። ጨው ውኃው ያንን ድንበር እየተከተለ ይበላል። የአንድ ጊዜ ብየዳ አጭር ስለሆነ ብቻውን እዚህ አያደርስም፤ በአንድ ቦታ የሚደጋገም ጥገናና የዓመታት ሙቀት ግን ያደርሳሉ። የ5083 የቅርብ ዘመድ በሆነው በ5456 የተሠራው የአሜሪካ ባሕር ኃይል የቲኮንዴሮጋ መርከቦች የላይኛው አካል የተሰነጣጠቀው በዚህ ምክንያት ነው። ቀይ ዝገት አይጠበቅም፤ የሚታየው ነጭ ዱቄት ነው፣ አንዳንዴም ስንጥቅ ብቻ።

በያጁ እጅ ያለው ትልቁ ምርጫ የመሙያ ሽቦው ነው። 5 በመቶ ሲሊኮን ያለው 4043 በቀላሉ ስለሚፈስ ይወደዳል፤ ነገር ግን ሲሊኮኑ ከ5083 ማግኒዥየም ጋር ሲገናኝ ስፌቱን ተሰባሪ ያደርገዋል። ለእነዚህ ሁለት ቅይጦች የሚስማሙት ማግኒዥየም ያላቸው 5356 ወይም 5183 ናቸው። መጋጠሚያውን የሚያጸዳበት የሽቦ ብሩሽም የማይዝግ ብረትና ለአሉሚኒየም ብቻ የተለየ መሆን አለበት፤ ተራ ብረት ሲፈተግበት የዋለ ብሩሽ የሚተወው ብናኝ ላሜራውን ከዚያው ነጥብ ያስበላዋል።

ሳያቀልጡ መበየድም ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1991 በእንግሊዝ፣ ካምብሪጅ አጠገብ በሚገኘው የብየዳ ተቋም የተፈለሰፈው ዘዴ በሚሽከረከር ጠንካራ ዘንግ ብረቱን በፍትጊያ አሙቆ እንደ ሊጥ ያዋሕደዋል። የቀለጠው ሲረጋ የሚመጣው መሰንጠቅ በዚህ ይቀራል። ሙቀቱ ግን አለ፤ 6082 ከስፌቱ ጎን እዚህም ይለሰልሳል፣ ባነሰ መጠን ቢሆንም።