የታላቆቻችን ውለታና የወሩ ተቆራጭ

በአገራችን ታላቅ ወንድም በባዶ ስሙ አይጠራም። «ጋሼ» ይባላል፤ ቃሉም «ጋሻዬ» ከሚለው የመጣ መሆኑን ሽማግሎች ያስረዳሉ። ታላቅ እኅትም «እትዬ» ወይም «እታለም» ትባላለች። በብዙ ቤቶች፣ በተለይም በገጠር፣ የዕድሜው ልዩነት ሰፋ ያለ እንደ ሆነ ታናሹ ታላቁን «አንቱ» ይላል። ይህ ለወታደር እንግዳ ነገር አይደለም። የማዕረግን ሥርዓት አስቀድመን የተማርነው በእናታችን ቤት፣ በታላላቆቻችን ፊት የእጅ ውኃ ይዘን ቆመን ነው።

ይሁን እንጂ መጠሪያው የክብር ብቻ ሳይሆን የግዴታም ነው። «ጋሼ» የተባለ ሰው ጋሻ መሆን ይጠበቅበታል። አባት ሲሞት ወይም ሲታመም በሬ ጠምዶ የሚያርሰው፣ ታናናሾቹን ለትምህርት ሰዶ እሱ ከትምህርት ገበታ የሚቀረው ታላቁ ነው። እናት ስታርፍ ጓዳውን የምትረከበው ደግሞ ታላቂቱ ናት። ከመካከላችን በእንዲህ ያለ ትከሻ ላይ ቆሞ የደንብ ልብስ ለመልበስ የበቃው ጥቂት አይደለም። ውለታውን የመመለሱ ነገር ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ስንቱን ትዳር እንዳወከ ግን በጦር ሰፈር የኖረ ሁሉ ያውቀዋል።

ሁላችንም የምናውቃቸውን የዲባባን ልጆች እናንሣ። ከበቆጂ አካባቢ የወጣችው እጅጋየሁ ዲባባ ቀድማ አዲስ አበባ ገብታ ሩጫ ጀምራ ነበር። ታናሿ ጥሩነሽ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለች ለመማር ብላ እኅቷ ዘንድ መጣች፤ ነገር ግን የትምህርት ቤቱ ምዝገባ አልፎ ደረሰች። ወደ ገጠር ብትመለስ የሚጠብቃት ትዳር ነበርና ከታላቋ ዘንድ ቀርታ ልምምድ ጀመረች። በ1996 ዓ.ም. በአቴንስ ኦሊምፒክ እጅጋየሁ በ10,000 ሜትር የብር፣ ጥሩነሽ በ5,000 ሜትር የነሐስ ሜዳልያ አገኙ። በዓመቱ በሄልሲንኪ የዓለም ሻምፒዮና ጥሩነሽ በሁለቱም ርቀት ወርቁን ስትወስድ፣ በሁለቱም ርቀት ሦስተኛ ሆና የገባችው እጅጋየሁ ነበረች። ሕዝብ የሚያስታውሰው አንደኛ የወጣውን ነው፤ ደንቡም ይኸው ነው። እኔ ግን ያን ሩጫ ባሰብሁ ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው በሦስተኛዋ ላይ ነው። በሯን ከፍታ ያስጠጋቻት ታናሽ ቀድማት ስትገባ ከኋላ ሆና ያየች ታላቅ እኅት ናትና።

ስለ ራሴም ጥቂት ልናገር። እናታችን ስታርፍ እኔ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ፤ እትዬ ደግሞ ስምንተኛን ጨርሳ ዘጠነኛ ልትገባ ነበር። አልገባችም። ጠላ ጠመቀች፤ እንጀራ ጋግራ ሸጠች፤ ጉሊት ተቀምጣ ሽንኩርትና ድንች ቸረቸረች። የደብተሬና የእርሳሴ ዋጋ ይፈታ የነበረው ከመቀነቷ ቋጠሮ ነው። ለጋብቻ ጠያቂ ሲመጣም «ልጁ ይድረስልኝ» እያለች ሁለት ጊዜ ሽማግሌ መለሰች። ከአካዳሚ ተመርቄ የመጀመሪያ ደመወዜን በተቀበልሁ ጊዜ፣ ልማዱ ለእናት መስጠት ነውና፣ ወስጄ በእጇ አስቀመጥሁት። መርቃኝ ተቀበለች። በማግሥቱ ያለባትን የዕድር ውዝፍ ከፈለችበት። ዕድር ምን እንደ ሆነ ለሚያውቅ ሰው ሌላ ማስረዳት አያሻም፤ ለእኔ ደብተር ስትል የራሷን ቀባሪ ሳይቀር አስይዛ ኖራለች ማለት ነው።

አሁን ወደ ተቆራጩ እንምጣ። በአንድ ክፍል ያገለግል የነበረ የአሥር አለቃ ታላቅ ወንድም ነበረው፤ ይህም ሰው ያለችውን አንዲት ላም ሸጦ ታናሹን ያስተማረ ገበሬ ነው። ከጊዜ በኋላ የታላቁ ዓይን እየደከመ ሄደ። የአሥር አለቃውም በየወሩ ከደመወዙ ቆርጦ ይልክለት ጀመር። ክፋቱ ባለቤቱ አታውቅም። የልጁ የወተት ዋጋ ሲጎድል፣ የሱቁ ዱቤ ሲከማች «ደመወዙ አልበረከተም» እያለ ያልፈው ነበር። አንድ ቀን ልብሱን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ የባንክ ደረሰኝ አገኘች፤ የተቀባዩም ስም የባሏ ወንድም ነው። ይህን ስታይ ደስ የሚላት ይመስላል፤ ነገር ግን ይበልጥ ከፋት፤ እያለቀሰችም ወደ ቢሮዬ መጣች።

«ለጋሼ መላኩ አይደለም የከፋኝ» አለች። «ብጠየቅ እምቢ ትላለች ብሎ አስቀድሞ ፈረደብኝ። እኔን እንደ ባዳ ቆጠረኝ።»

ባልየውን ጠርቼ ስጠይቀው የሰጠው መልስ «የወንድሜ ውለታ የእኔ ዕዳ ነው፤ በእሷ ላይ ለምን እጭነዋለሁ?» የሚል ነበር። ቅን ንግግር ነው። ሆኖም ሕጉም ቤቱም እንዲህ አይልም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ባልና ሚስት በግል ጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ሀብታቸው መሆኑን ይደነግጋል፤ ደመወዝም ከዚሁ ውስጥ ነው። ይኸው ሕግ በሌላ በኩል ቀለብ የመስጠት ግዴታ በወንድማማቾችና በእኅትማማቾች መካከልም እንዳለ ያውቃል፤ ይኸውም አንዱ ሲቸገርና ሠርቶ መኖር ሲሳነው ነው። እንግዲህ ወንድምን መርዳት በሕግም የታወቀ ወግ እንጂ ከሚስት የሚደበቅ ጥፋት አይደለም፤ የሚረዳበት ገንዘብ ግን የሁለቱ ነው።

ነገሩን ያበረዱት በዕድሜ የገፉ አንድ ሻምበል ባሻና ባለቤታቸው ናቸው። ቡና ተፈልቶ ሲነጋገሩበት አምሽተው፣ ተቆራጩ ጥቂት እንዲቀነስና የሚላከውም በሚስቲቱ እጅ እንዲሆን ተስማሙ። እሷም ገንዘቡን በላከች ቁጥር ደውላ ትጠይቅ ነበርና ባሏ በሁለት ዓመት ያልደረሰበትን በሦስት ወር ደረሰችበት። ጋሼ ሐኪም ፊት ቀርቦ አያውቅም። መንገዱን የሚመራው ሰው አልነበረውም፤ የሚላክለትንም ብር ለልጆቹ ያውለው ነበር። ልጇን አዝላ ሄዳ ራሷ ሆስፒታል አደረሰችው። የዓይን ሞራ ነበር፤ በቀዶ ጥገና ተነሣለት። ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያየው በጀርባዋ ያለውን የወንድሙን ልጅ ነው።

ወገኖቼ ይቅር ይበሉኝና፣ የተገላቢጦሹንም አይቻለሁ። ውለታ መለስሁ ለመባል የወንድሙን ቤት ቆርቆሮ እያለበሰ የራሱን ልጆች ጫማ የሚያስመኝ አለ። ያሳደገችውን ወንድም ትዳር በውለታዋ ስም ልግዛ የምትል፣ ከምራቷ ሞሰብ የወጣውን እንጀራ ዓይን እየቆጠረች የምታንኳስስ እኅትም አለች። እንዲህ ያለችውን መታዘዝ ውለታ መመለስ ሊባል አይገባውም፤ አክብሮ፣ በለሰለሰ ቃል፣ ድንበሩን ማሳየት የባል ፈንታ ነው። ይህን ለሚስቱ ትቶ እሱ ወደ ጥበቃ ተራው የሚሸሽ ወንድ በግዳጅ ላይ የቱንም ያህል ጀግና ቢሆን በቤቱ ጀግና አልልም።

የቃሉ ምስጋናስ? እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች የሥጋ ዘመድን ፊት ለፊት «አመሰግናለሁ» ለማለት እናፍራለን፤ የባዳ ቃል ይመስለናል። አባቶቻችን «ዕድሜ ይስጥልኝ» ይሉ ነበር፤ ጉልበት ስመው ምርቃት ይቀበሉ ነበር። ፈቃድ እስኪደርስ ከቤተሰቡ ርቆ የሚኖር ወታደር ጉልበት የሚስምበት ዕድል ስለሌለው በደብዳቤ ይጻፈው። ስልክ ደግ ነው፤ ሆኖም የስልክ ወሬ ስለ ዝናብና ስለ ከብት ተጠይቆ ያልቃል። ደብዳቤ ግን ማንበብ ለማትችል እኅት እንኳ የጎረቤት ልጅ ደጋግሞ ያነብላታል። ሲጻፍም «ስላደረግሽልኝ ሁሉ» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ የቱን እንደሆነ በስሙ መጥራት ነው። የላሟን መልክ፣ የተሸጠችበትን ገበያ፣ በዚያ ብር የተገዛውን ጫማ። ረዳሁት ያለው ሰው የሚያስበው እነዚህን ነው፤ ታናሼ ረሳው ብሎ የሚያዝነውም በእነዚህ ነው።

እኔና ባለቤቴ ለእትዬ ምን እናድርግላት ብለን ብዙ መክረናል። ባለቤቴ ጋቢ፣ እኔ ደግሞ የምትነግድበት ጥቂት መነሻ ገንዘብ አሰብን። ብትጠየቅ ይሻላል ተባብለን ጠየቅናት። ሁለቱንም አልፈለገችም። ዛሬ ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የማታ ትምህርት ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች። የመመዝገቢያውንና የመጻሕፍቱን ወጪ የምንልከው እኛ ነን፤ በባለቤቴ እጅ። ባለፈው እሑድ ደውላ ሰላምታውን በቶሎ ጨረሰችና አንድ የአልጀብራ ጥያቄ አነበበችልኝ። መልሱን ልነግራት ስጀምር «ቆይ፣ አትንገረኝ፤ መንገዱን ብቻ አሳየኝ» አለችኝ።