ቀዩ ወይን፣ የማይታየው ጋዝና የሻማው ምስክርነት

እ.ኤ.አ. በ1395 የቡርጎኝ መስፍን የነበረው ደፋሩ ፊሊፕ አንድ እንግዳ አዋጅ አወጣ። በአዋጁ የተወገዘው ሰው ሳይሆን ጋሜ የሚባል የወይን ዝርያ ነበር። መስፍኑ ተክሉ ምርቱ የበዛ፣ ጥራቱ ግን የወረደ ነው በማለት ከግዛቱ እንዲነቀል አዘዘ። ይሁን እንጂ የተሳደደው ዝርያ አልጠፋም። ከሊዮን ከተማ በስተ ሰሜን ያሉት የቦዦሌ ኮረብቶች ዛሬ ዋነኛ መኖሪያው ናቸው። በዚያ የግራናይት አፈር ላይ አነስተኛ ማሳ ያላቸው በርካታ ቤተሰቦች ከጋሜ ፍሬ ቀይ ወይን ጠጅ ይጠምቃሉ።

የዚህ ወይን ጠጅ መለያ ጠባዩ ለምላስ አለመክበዱ ነው። እንደሚታወቀው ብዙው ቀይ ወይን ጠጅ፣ በተለይ ገና ሳይቆይ፣ አፍን ያደርቃል፣ ያኮማትራልም። ስሜቱ ከመጠን በላይ ፈልቶ የጠቆረ ሻይ ስንጠጣ ከሚሰማን ጋር ተመሳሳይ ነው። በሁለቱም ውስጥ ታኒን የሚባሉ ውሁዶች ይገኛሉ፤ እነዚህም በምራቃችን ካሉት ፕሮቲኖች ጋር ተጣብቀው ምራቁን አፍ የማለስለስ ኃይሉን ይነሡታል። የቦዦሌው ወይን ግን ይህ ጠባይ እምብዛም የለበትም። ለመሆኑ ልዩነቱ ከየት መጣ? መልሱ በፍሬው ዝርያ ብቻ ሳይሆን፣ በዓይን በማይታይና ሽታ በሌለው በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ዘንድም ይገኛል። ወይኑን የሚያለሰልሰው ይኸው ጋዝ የጠማቂውን ሕይወት ሊቀጥፍም ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ወደ መጠጥ መጋበዝ ሳይሆን የጋዙን ሁለት ገጽታዎች መመርመር ነው።

ሳይጨፈለቅ የሚብላላ ፍሬ

በተለመደው ዘዴ ቀይ ወይን ሲጠመቅ ፍሬው ተጨፍልቆ ጭማቂው ከነቅርፊቱና ከነዘሩ እንዲብላላ ይደረጋል። በጠላ ጥንስስ ውስጥ እንደሚሆነው ሁሉ እርሾ ስኳሩን ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጣል። ቀለሙና ታኒኑም ከቅርፊቱና ከዘሩ ወደ ፈሳሹ ይገባሉ።

በቦዦሌ ግን የወይኑ ዘለላ ሳይጨፈለቅ እንዳለ ወደ ጋኑ ይገባል። ከታች ያሉት ፍሬዎች በላያቸው ባለው ክብደት ይፈነዳሉ፤ ጭማቂያቸውም መብላላት ይጀምራል። የሚወጣው ጋዝ አየሩን ገፍቶ ጋኑን ሲሞላው ከላይ ያሉት ያልተነኩ ፍሬዎች ኦክስጅን ያጣሉ። በዚህ ጊዜ አንድ አስደናቂ ነገር ይከሰታል። በፍሬው ሕዋሳት ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች ያለ እርሾ እገዛ ከስኳሩ ጥቂቱን ወደ አልኮል ይለውጣሉ፤ መጠኑም ወደ 2 በመቶ ይደርሳል። ላልበሰለ ፖም ኮምጣጣነቱን የሚሰጠው ማሊክ አሲድም በከፊል ይፈራርሳል፣ አዳዲስ መዓዛዎችም ይፈጠራሉ። ከዚያ በኋላ ፍሬው ይጨመቃል፤ የቀረውን ስኳር ደግሞ እርሾ ያጠናቅቀዋል። ቅርፊቱና ዘሩ ከአልኮሉ ጋር የሚቆዩበት ጊዜ አጭር በመሆኑ ወደ ወይኑ የሚገባው ታኒን ጥቂት ነው።

የዚህ ክንውን ሳይንሳዊ ጥናት የተጀመረው በሌላ ጉዳይ ሰበብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 ሚሼል ፍላንዚ የተባለው ፈረንሳዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ የወይን ፍሬን በካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ ሳይበላሽ ለማቆየት ሲሞክሩ የፍሬው ጠባይ መለወጡን ተገነዘቡ። ኋላም የቦዦሌው የወይን ነጋዴና ኬሚስት ዡል ሾቬ (1907–1989) ጉዳዩን በጥልቀት መረመረ። እ.ኤ.አ. በ1973 በሞርጎን የቤተሰቡን ማሳ የተረከበው ማርሴል ላፒዬርም የሾቬን ምክር ተከትሎ ስመ ጥር ሆነ። ላፒዬር እ.ኤ.አ. በ2010 ካረፈ በኋላ ሥራውን ልጆቹ ቀጥለውታል።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

አንባቢ ሆይ፣ እርሳስ ያዝ። አንድ ሞል ግሉኮስ 180 ግራም ይመዝናል፤ ሲብላላም 92 ግራም አልኮልና 88 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። አንድ ሊትር የወይን ጭማቂ 200 ግራም ያህል ስኳር ቢኖረው ወደ 98 ግራም ጋዝ ይወጣዋል። ይህም 2.2 ሞል ገደማ ነው። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ሞል ጋዝ 24 ሊትር ቦታ ስለሚይዝ አንድ ሊትር ጭማቂ ከ50 ሊትር የሚበልጥ ጋዝ ያመነጫል ማለት ነው። ስለዚህ 3000 ሊትር የሚይዝ አንድ መለስተኛ ጋን 160 ሜትር ኪዩብ ያህል ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ ርዝመቱ ስምንት፣ ስፋቱ ሰባት፣ ከፍታው ሦስት ሜትር የሆነን ምድር ቤት ለመሙላት ጥቂት ብቻ ይቀረዋል።

ሙቀቱንም እንመልከት። የአንድ ሞል ግሉኮስ መብላላት 100 ኪሎጁል ገደማ ሙቀት ያወጣል። ሙቀቱ መውጫ ባያገኝ ኖሮ የጭማቂው ሙቀት በ26 ዲግሪ ያህል በጨመረ ነበር። በ20 ዲግሪ የተጀመረው መብላላት 46 ዲግሪ ከመድረሱ በፊትም እርሾው ባለቀ ነበር። እዚህ ላይ አነስተኛው ቤተሰብ አንድ የፊዚክስ ዕድል አለው። የጋን ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ በእጥፍ ሲያድጉ ይዘቱ ስምንት እጥፍ ሲሆን የገጽታው ስፋት ግን አራት እጥፍ ብቻ ነው። ሙቀት የሚመነጨው በይዘቱ፣ የሚወጣው ደግሞ በገጽታው በኩል በመሆኑ ትንሽ ጋን በቀላሉ ይቀዘቅዛል፤ ትልቁ ግን የማቀዝቀዣ ቧንቧ ያሻዋል።

ሻማው ሲዋሽ

የዶክትሬት ትምህርቴን በፈረንሳይ በምከታተልበት ጊዜ በአንድ የመኸር ወቅት ወደ ቦዦሌ ተጉዤ ነበር። ያስተናገደኝ ወጣት ከአባቱ ጥቂት ሄክታር ወርሶ፣ ቀድሞ በጅምላ ይሸጥ የነበረውን ወይን በራሱ ስም በጠርሙስ ማቅረብ የጀመረ ነበር። ወደ ምድር ቤቱ ደረጃ ስንቃረብ ቆም አለና በቀበቶው ላይ የታሰረችውን ትንሽ የጋዝ መለኪያ ተመለከተ። በግድግዳው ላይ አንድ አሮጌ የሻማ ማስቀመጫ ተሰቅሎ ነበር። «አያቴ ሻማ ይዘው ነበር የሚወርዱት፤ ሻማው ከጠፋ ይመለሳሉ» አለኝ። ከዚያም ፈገግ ሳይል «ግን ሻማ ያመነውን ሁሉ አይመልስም» ሲል አከለ።

በዚያን ጊዜ ነገሩ አልገባኝም ነበር። ማታ ወደ ማደሪያዬ ተመልሼ ሳሰላው ግን ወጣቱ እውነቱን እንደ ነበር ተረዳሁ። ንጹሕ አየር 21 በመቶ ያህል ኦክስጅን አለው። በምድር ቤቱ ካለው አየር አንድ አሥረኛው በካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢተካ ኦክስጅኑ የሚወርደው ወደ 19 በመቶ ብቻ ነው። የሻማ ነበልባል የሚጠፋው ኦክስጅኑ ወደ 16 በመቶ ሲጠጋ በመሆኑ በዚህ አየር ውስጥ መብራቱን ይቀጥላል። 10 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚተነፍስ ሰው ግን በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል። ጋዙ ደሙን አሲዳማ በማድረግ ራሱ ይመርዛልና አደጋው የኦክስጅን ማነስ ብቻ አይደለም። ሻማው እየበራ ሰውየው ይወድቃል ማለት ነው።

አደጋውን የሚያባብሰው የጋዙ ክብደት ነው። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውል ክብደት 44፣ የአየር አማካይ ደግሞ 29 በመሆኑ ጋዙ አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ይከብዳል። ነፋስ በማይገባበት ጉድጓድም ከአየር ጋር የሚቀላቀለው እጅግ በዝግታ ነው፤ እስከዚያም ከታች እንደ ውኃ ይተኛል። ቆሞ የሚተነፍስ ሰው ደኅና ሆኖ ሳለ ዕቃ ለማንሣት ያጎነበሰው ሊወድቅ ይችላል። የወደቀውን ለማንሣት የሚገባው ሁለተኛ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ሟች ይሆናል።

ይህ ጉዳይ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይምሰለን። በሐረርጌና በሌሎች የአገራችን አካባቢዎች እህል በምድር ጉድጓድ ይከማቻል። በታፈነው ጉድጓድ ውስጥ እህሉና በእርሱ ላይ ያሉት ተባዮችና ሻጋታዎች ኦክስጅኑን ተጠቅመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተነፍሳሉ። በዚህ ሁኔታ ኦክስጅኑ ስለሚያልቅ ሻማ ፈጥኖ ሊጠፋ ይችላል፤ ሆኖም ሻማው ስላልጠፋ ጉድጓዱ ደኅና ነው ብሎ መደምደም ያው ስሕተት ነው። ትክክለኛው መንገድ ጉድጓዱን ከፍቶ በሚገባ ማናፈስ፣ መሣሪያ ካለ መለካት፣ ብቻ አለመግባትና የወደቀን ሰው ያለ መተንፈሻ መሣሪያና ያለ ገመድ ተከትሎ አለመውረድ ነው።

መስፍኑ ያሳደደውን ተክል መልካም መጠጥ ያደረገው የሰው ትዕግሥትና ይህ የማይታይ ጋዝ ነው። ወጣቱ አስተናጋጄ የአያቱን የሻማ ማስቀመጫ ለክብር በግድግዳው ላይ ሰቅሎታል፤ ነፍሱን ግን ለመለኪያው አደራ ሰጥቷል። የአባቶችን ልምድ ማክበር ተገቢ ነው፤ ልምዱ የት ላይ እንደሚያበቃ አስልቶ ማወቅ ደግሞ የሳይንስ ተማሪ ግዴታ ነው።