ስንት ታቦት፣ ስንት አምላክ?
በአንድ መቅደስ ስለሚከብሩ ብዙ ስሞች ተረትና እውነታ

ጥር 10 ከሰዓት በኋላ፣ ኮምቦልቻም ሆነ ደሴ፣ ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ አንዱ በገብርኤል ስም ይጠራል፣ አንዱ በማርያም፣ አንዱ በመድኃኔዓለም። በማግስቱ ሌሎቹ ወደየደብራቸው ሲመለሱ የሚካኤል ታቦት ያድርና ጥር 12 ይገባል። ይህን ከዳር ቆሞ የሚያይ ሰው «ለመሆኑ ስንት አምላክ አላቸው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ወሎ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን አንድ ቤት ያድጋሉና ጥያቄው ከጎረቤት፣ ከአማች፣ ከአክስት ልጅ ነው የሚመጣው፤ የሚጠየቀውም በቅንነት ነው። የሚያሳዝነው ግን መልሱ ሳይሰማ የሚሰጠው ፍርድ ነው።

ተረት፦ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለትና ሦስት ታቦት ካለ፣ ሁለትና ሦስት አምላክ ይመለካል።

እውነታ፦ ደብሩ የሚጠራው በዋናው ታቦት ስም ቢሆንም፣ በመቅደሱ ውስጥ ደባል ታቦት መኖሩ በጣም የተለመደ ነው። የማርያም በሚባል ደብር የጊዮርጊስ ወይም የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ታቦት ሊኖር ይችላል። ደባሉ በዓመት በዓሉ ቀን ወጥቶ ቤተ ክርስቲያኑን ይዞራል፤ በወር በወሩም ሚካኤል በ12፣ ገብርኤል በ19፣ እመቤታችን በ21፣ ጊዮርጊስ በ23 ይታሰባሉ። ሕዝቡ ስለቱን የሚያስገባውና ዝክሩን የሚዘክረው በዚሁ ቀን ቆጠራ ነው።

ይሁን እንጂ ታቦቱ ምን ላይ እንደሚውል ማየት ያስፈልጋል። ታቦት መሥዋዕቱ የሚቀርብበት ጽላት ነው። ኅብስቱና ጽዋው የሚባረኩት በእሱ ላይ ነው፤ ጳጳስ እስኪባርከው ድረስ እንጨት ወይም ድንጋይ ብቻ ነው። የተጻፈበት የቅዱሱ ስም ማን እንደሚታሰብበት ይናገራል። መሥዋዕቱ ለማን እንደሚቀርብ ግን አይለወጥም፤ በገብርኤልም ታቦት ላይ ይቀደስ በማርያም፣ ለእግዚአብሔር ነው። የብህንሳው አባ ሕርያቆስ ደረሰው የሚባለው ቅዳሴ እንኳ «ቅዳሴ ማርያም» ተብሎ በስሟ ቢጠራም መሥዋዕቱ ለእሷ አይቀርብም። ታቦት ሲያልፍ ሕዝቡ ለምን እንደሚንበረከክ የሚጠየቁ የቤተ ክርስቲያን መምህራንም የሚጠቅሱት ፊልጵስዩስ 2፥10ን ነው፤ ጥቅሱ የሚናገረው ስለ ጌታ ስም ነው።

ግሸንን ያየ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። መስከረም 21 አምባሰል ላይ የሚሰበሰበው ምእመን «ግሸን ማርያም ልሄድ ነው» ይላል። ነገር ግን እዚያ የሚወስደው በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ወደ አምባው እንደገባ የሚታመነው ግማደ መስቀል ነው፤ በዚያው አምባ ላይ የእግዚአብሔር አብ ቤተ ክርስቲያንም አለ። አምባው የሚታወቀው በእመቤታችን ስም ነው፤ ሰውን የሚጠራው የልጇ መስቀል ነው።

ተረት፦ ሥዕል ፊት የሚሰግድ ሥዕሉን ያመልካል።

እውነታ፦ ይህ ክርክር ከውጭ የመጣብን አዲስ ነገር አይደለም። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ (ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት) ለእመቤታችን ሥዕልና ለመስቀል ስግደት እንዲደረግ አጥብቀው ሲያዝዙ፣ ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉት መነኮሳት «ከአብ፣ ከወልድና ከመንፈስ ቅዱስ በቀር ለማንም አንሰግድም» ብለው ተሰደዱበት፣ ተገረፉበት፣ ሞቱበት። ስለዚህ «ኦርቶዶክሶች ጥያቄውን አስበውት አያውቁም» ማለት ታሪክ አለማወቅ ነው። ቤተ ክርስቲያኗ የያዘችው መልስ የአምልኮ ስግደትን ከአክብሮት ስግደት ይለያል፦ የመጀመሪያው ለፈጣሪ ብቻ ነው፣ ሁለተኛው ለቅዱሳንና ለተሣለው ሰው ክብር ነው። መልሱን አለመቀበል ይቻላል። እንደሌለ መቁጠር ግን ተገቢ አይደለም።

በየቤታችን ግድግዳ ላይ ያለችው ልጇን ታቅፋ እጆቿን ያጣመረችው ማርያም፣ ምስለ ፍቁር ወልዳ፣ አብዛኛው አሣሣሏ በሮም የሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ካለ ጥንታዊ ሥዕል የተወረሰ ነው፤ በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ቅጂውን አመጡት። እነሱ ተባረሩ፣ ሥዕሏ ግን የእኛ ሆና ቀረች። በአንድ ዓይነት ሥዕል ፊት ካቶሊኩም ኦርቶዶክሱም ይጸልያል፤ ሥዕሉን ስለተካፈሉ ግን እምነታቸው አንድ አልሆነም።

ተረት፦ ህንዶች ለእያንዳንዱ ጣዖት አንድ አምላክ አላቸው፤ ለዚህ ነው ቁጥሩ የማያልቀው።

እውነታ፦ ምስል ቆጥሮ አምላክ መቁጠር እኛም በሌላው ላይ የምንሠራው ስሕተት ነው፤ ህንዳዊ መምህር ያስተማረው፣ በህንድ ፊልም ያደገው ትውልዳችን ይህን እንደ እርግጥ ይናገራል። ግን በአንድ ምስል ብዙ አማልክት የሚመለኩበት ቦታ ሞልቷል። በኦዲሻ ግዛት ፑሪ ከተማ ያለው የጃጋናት ቤተ መቅደስ ምስሎች ከኒም እንጨት የተጠረቡ ናቸው። አንዱ አማኝ ጃጋናትን ቪሽኑ ወይም ክሪሽና የሚባለው አምላክ ነው ይላል፤ ሌላው በዚያው ምስል የሌላውን አምላክ የሺቫን መልክ፣ ባይራቫን፣ ያያል። ምስሎቹ በሚታጠቡበት በዓል ቀን ደግሞ የዝሆን ገጽ ይለብስና የዝሆን ራስ ያለው የጋኔሻ አማኝ ጋኔሻን ያገኝበታል። በካርናታካ ግዛት ሐሪሃር ከተማ፣ በ13ኛው መቶ ዓመት በታነጸ ቤተ መቅደስ ውስጥ ያለው ምስል በግማሽ ጎኑ ሺቫ፣ በግማሽ ጎኑ ቪሽኑ ነው።

ከእኛ ታቦት ጋር አንድ ነው ማለቴ አይደለም፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሂንዱው ሥርዓቱ ከተፈጸመ በኋላ አምላኩ ራሱ በምስሉ እንደሚገኝ ያምናል፤ ኦርቶዶክሱ ግን ገብርኤልን አምላክ አይለውም። ሁሉም መልኮች የአንድ ህላዌ ናቸው የሚል የሂንዱ ትምህርት አለ፤ የለም፣ ቪሽኑ ከሁሉም በላይ ነው የሚልም አለ። በሁለቱም አገር ግን ምስልና ታቦት ቆጥሮ አማልክትን መቁጠር ስሕተት ላይ ይጥላል።

ተረት፦ ወሎዬ ሃይማኖቱን ቀላቅሎታል።

እውነታ፦ ቀላቅሎ ቢሆን ኖሮ በሠርግና በተዝካር ለሁለት ወገን ለየብቻ ባልታረደ ነበር። ደጋሹ ክርስቲያን ለሙስሊም ጎረቤቶቹ በራሳቸው ሰው ያሳርዳል፤ ሙስሊሙም እንዲሁ። አብሮ መብላት የሚቻለው ድንበሩ ስለታወቀ ነው። ሸሆች ወደሚዘየሩባቸው ቦታዎች፣ ወደ ጀማ ንጉሥ፣ ወደ ዳና ወይም ወደ ጌታ ለዚያራ የሚሄደው ሙስሊምም «ሸሁን ያመልካል» ይባላል፤ ከራሱ ወገን ሳይቀር። እሱን ብትጠይቁት ግን ዱዓው ለአላህ ነው፤ ሸሁ ወልይ ናቸው።

ተረት፦ ታቦት በሙዚየም ሊቀመጥ የሚችል የጥበብ ቅርስ ነው።

እውነታ፦ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር እጅ ስትወድቅ፣ ዛሬ ደቡብ ወሎ በምንለው በዚያ አምባ ከነበሩት ንዋያተ ቅድሳት ጋር ታቦታትም ተዘረፉ። በብሪቲሽ ሙዚየም 11 ታቦታት አሉ። ለሕዝብ አይታዩም፣ አይጠኑም፣ ሠራተኞቹም እንዳያዩአቸው ተለይተው በተዘጋ ክፍል ተቀምጠዋል፤ ሙዚየሙ ራሱ ቅድስናቸውን አምኗልና። በኤዲንብራ የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ የተገኘው ታቦት በ1994 ዓ.ም. ሲመለስ አዲስ አበባ በእልልታ ተቀበለችው። ለንደን ላለመመለስ የምትጠቅሰው የ1963 (እ.ኤ.አ.) የብሪቲሽ ሙዚየም ሕግ ራሱ፣ ለስብስቡ የማይሆን ዕቃ እንዲወጣ በር ይከፍታል። ማንም የማያየው፣ ማንም የማያጠናው ታቦት ለሙዚየም ምንም አይሠራም። እነዚያ 11 ታቦታት ወደሚቀደስባቸው መንበር መመለስ አለባቸው።