የታመመ ቤተሰብ ላለው መንገደኛ የጉዞ መድን የሚሸፍነውና የማይሸፍነው

ለሥልጠና፣ ለስብሰባ ወይም ለትምህርት ወደ ውጭ አገር የሚላክ የመንግሥት ሠራተኛ ለቪዛ ማመልከቻው የጉዞ መድን ሰነድ እንዲያቀርብ ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ አረቦኑን ከፍሎ፣ ሰነዱን ሳያነብ ከሌሎች ወረቀቶች ጋር አያይዞ ያቀርባል። ወላጁ፣ የትዳር ጓደኛው ወይም ልጁ በጽኑ ታሞ ባለበት ወቅት ለሚጓዝ ሠራተኛ ግን ሰነዱ የሚሸፍነውንና የማይሸፍነውን ለይቶ ማወቅ ከመነሳቱ በፊት ሊፈጽመው የሚገባ ተግባር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የቪዛ ሕግ ወደ ሸንገን አባል አገሮች ለአጭር ጊዜ የሚጓዝ አመልካች ቢያንስ የ30 ሺህ ዩሮ ሽፋን ያለው የጉዞ ሕክምና መድን እንዲኖረው ያዛል። ሽፋኑ በሁሉም የሸንገን አባል አገሮችና በቆይታው ጊዜ ሁሉ የጸና መሆን ይኖርበታል። መድኑ የሚያካትተው አስቸኳይ ሕክምናን፣ ድንገተኛ የሆስፒታል አገልግሎትን፣ በሕመም ምክንያት ወደ አገር መመለስንና ሞትን ሲሆን፣ ይህ ሁሉ የሚመለከተው መንገደኛውን ራሱን ብቻ ነው። በመሆኑም ሕጉ የሚጠይቀውን ዝቅተኛ ሽፋን ብቻ የገዛ ሠራተኛ አገር ቤት ያሉት እናቱ ሕመም ጸንቶባቸው ጉዞውን ቢሰርዝ ወይም አቋርጦ ቢመለስ ለትኬቱም ሆነ ለሆቴሉ ካሳ ሊጠይቅ አይችልም።

ለዚህ ዓይነቱ ችግር የተዘጋጁት የጉዞ ስረዛና የጉዞ መቋረጥ ሽፋኖች ናቸው። የመጀመሪያው መንገደኛው ከመነሳቱ በፊት፣ ሁለተኛው ደግሞ ከተነሳ በኋላ የቅርብ ዘመድ ሲታመም ወይም ሲሞት የባከነውን ወጪ ይተካሉ። አንዳንድ ፖሊሲዎች በአስቸኳይ ወደ አገር ለመመለስ የሚወጣውን የትኬት ዋጋ የሚከፍሉት የቅርብ ዘመድ ሲሞት ብቻ በመሆኑ ከመግዛት በፊት «ሕመም» እና «ሞት» የሚሉት ቃላት በውሉ ውስጥ እንዴት እንደተቀመጡ መመልከት ያስፈልጋል።

ዋነኛው ጥያቄ ግን ዘመዱ መድኑ ከመገዛቱ በፊት የታመመ እንደሆነ ነው። መድን የሚገባው ይደርስ አይደርስ ላልታወቀ አደጋ በመሆኑ፣ አብዛኞቹ ፖሊሲዎች አስቀድሞ የነበረ ሕመምን ከሽፋን ውጭ ያደርጋሉ። ይህ ገደብ በመንገደኛው ብቻ ሳይወሰን አብሮት በማይጓዘው ዘመዱ ላይም ተፈጻሚ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ አባቱ የኩላሊት እጥበት እየተደረገላቸው ሳለ መድን የገዛ ሠራተኛ ይኸው ሕመም ተባብሶ ጉዞውን ቢሰርዝ ጥያቄው ውድቅ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። እኚሁ አባት የመኪና አደጋ ቢደርስባቸው ግን ምክንያቱ ከቀድሞው ሕመም ጋር ያልተያያዘ በመሆኑ ካሳው ሊከፈል ይችላል።

አሠራሩ ከአገር አገር ይለያያል። በአሜሪካ ኩባንያዎቹ በአብዛኛው መድኑ ከመገዛቱ በፊት የነበሩትን ከ60 እስከ 180 ቀናት መርምረው፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ የታከመ ወይም መድኃኒት የተለወጠለትን ሕመም ከሽፋን ያስወጣሉ። ሆኖም የመጀመሪያው የጉዞ ክፍያ በተፈጸመ በ14 ወይም በ21 ቀናት ውስጥ ለተገዛ መድን ይህን ገደብ የሚያነሱ አሉ። ያለ ምክንያት መሰረዝን የሚፈቅደው ሽፋን ደግሞ ዋጋው ከፍ ያለ ሆኖ አብዛኛውን ጊዜ ከወጪው ከ50 እስከ 75 በመቶ ይመልሳል። በዚያ የሚኖሩና የታመሙ ወላጆቻቸውን ትተው የሚጓዙ ኢትዮጵያውያን ይህን አማራጭ ማወቃቸው ይጠቅማቸዋል።

ሕመሙን ደብቆ መድን መግዛት መፍትሔ አይሆንም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የንግድ ሕግ ስለ መድን በያዛቸው ድንጋጌዎች መድን ገቢው የሚያውቃቸውንና ለአደጋው ግምት የሚያስፈልጉትን ሁኔታዎች በትክክል እንዲገልጽ ግዴታ ይጥልበታል፤ ሆን ተብሎ የተደበቀ እውነትም ውሉን ዋጋ ያሳጣዋል። ስለዚህ መድን ሰጪው ስለ ዘመዱ ጤንነት ሲጠይቅ እውነቱን በጽሑፍ መግለጽና መልሱንም በጽሑፍ መቀበል ተገቢ ነው።

«የቅርብ ዘመድ» የሚለው ትርጓሜም ሊጤን ይገባዋል። ፖሊሲዎቹ በአብዛኛው የትዳር ጓደኛን፣ ወላጅን፣ ልጅን፣ ወንድምንና እኅትን ይዘረዝራሉ። እንደ እናት ሆና ያሳደገች አክስት በእኛ ኅብረተሰብ ዘንድ እናት ብትሆንም በውሉ ዝርዝር ውስጥ ላትገኝ ትችላለች።

ሌላው ከባሕላችን ጋር የተያያዘ ጉዳይ መርዶን የሚመለከት ነው። በአገራችን በሩቅ ላለ መንገደኛ የዘመዱን ሕመም መጽናት ወይም ሞት ሸሽጎ ማቆየት የተለመደ ነው። መድን ሰጪዎች ግን ጉዳዩ ሳይዘገይ እንዲነገራቸው፣ ከመመለሱም በፊት ፈቃዳቸው እንዲጠየቅ በውሉ ሊያስገድዱ ይችላሉ። በመሆኑም ከቤተሰቡ መካከል አንድ ሰው የፖሊሲውን ቁጥርና የስልክ አድራሻውን ይዞ እውነቱን ወዲያውኑ እንዲነግር አስቀድሞ መስማማት ይበጃል። ከሐኪም የሚሰጥ የሕክምና ማስረጃ፣ የዝምድና ማረጋገጫና የክፍያ ደረሰኞችም በወቅቱ መሰብሰብ አለባቸው።

መድኑ የማይሸፍነውን ክፍተት በሌላ መንገድ ማጥበብ ይቻላል። የመመለሻ ቀኑ ሊለወጥ የሚችል ትኬት መግዛት፣ ላኪው መሥሪያ ቤትና ጋባዡ ተቋም ጉዞው ቢቋረጥ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን በደብዳቤ እንዲያረጋግጡ መጠየቅ፣ ለታማሚው ጉዳይ ለሚቆም ዘመድ ሕጋዊ ውክልና መስጠት ከነዚህ መካከል ይጠቀሳሉ። ሕመሙ እጅግ የከፋ ከሆነ ደግሞ ጉዞው እንዲተላለፍ ወይም ሌላ ባልደረባ እንዲተካ ለኃላፊው አስቀድሞ ማመልከት ይሻላል፤ ትኬት ሳይቆረጥ የሚወሰን ውሳኔ ለሠራተኛውም ለመሥሪያ ቤቱም ወጪ የለበትምና።