ያውቁ ኖሯል? ጋሬዝ ኤድዋርድስ ለ11 ዓመት ከቡድኑ አልተለየም

የዌልሱ የራግቢ ተጫዋች ጋሬዝ ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በ1967 ፓሪስ ላይ ከፈረንሳይ ጋር ተሰልፎ ለአገሩ መጫወት ጀመረ። ከዚያ እስከ 1978 ድረስ ዌልስ ካደረገቻቸው 53 ይፋዊ ጨዋታዎች አንዱም አላመለጠውም፤ በጉዳትም ሆነ በአቋም መውረድ አልቀረም። በ20 ዓመቱ አምበል ሆኗል። ይሁንና «አሉን ዊን ጆንስ ለዌልስ 158 ጊዜ ተሰልፏል፤ 53 ምን ያስደንቃል?» የሚል ሙግት ይነሳል። የጆንስ ጽናት የሚከበር ነው፤ ነገር ግን በኤድዋርድስ ዘመን አንድ አገር በዓመት የምታደርገው ጨዋታ በአማካይ አምስት ያህል ብቻ ስለነበር፣ ድምሩ ከተጫዋቹ ይልቅ የዘመኑን የጨዋታ ብዛት ይናገራል። ሁለቱን በድምር ማወዳደር ፍትሐዊ አይደለም።

«ጨዋታው ጥቂት ከሆነ አለመቅረት ቀላል ነው» የሚል ቢኖርም፣ የተሰለፈበትን ቦታ ማየት ይገባል። ኳሱን ከሚገፋፉት ግዙፍ ተጫዋቾች እግር ሥር አውጥቶ የሚያቀብለው እሱ ስለነበር ተጋጣሚ ቀድሞ የሚያሳድደው እሱን ነው። በዚያ ላይ ራግቢ ያኔ ደመወዝ አልነበረውም። በ1971 ኒውዚላንድን፣ በ1974 ደቡብ አፍሪካን በየአገራቸው ባሸነፈው የብሪታኒያና የአየርላንድ ጥምር ቡድን ውስጥም ተጫውቷል፤ ያ ሁሉ ድካም ተደርቦበት ነው ከዌልስ ሰልፍ ያልጎደለው። በእኔ ሚዛን ከ158ቱ ይልቅ ይህ ይከብዳል። የመጨረሻው ጨዋታው በ1978 ካርዲፍ ላይ ፈረንሳይን 16 ለ 7 የረቱበት ሲሆን፣ ዌልስ በዚያው ድል የአምስቱን አገሮች ውድድር ሳትሸነፍ አጠናቀቀች።