ምድጃው የሚፈተነው ታዛቢው ሲሄድ ነው

አዲስ ዕቃ ለገጠር ገበያ ከማቅረብ በፊት ጥቂት ተጠቃሚዎች እንዲሞክሩት ማድረግ ብልህነት ነው። ይሁን እንጂ በሰው ፊት የተመሰገነ ዕቃ ሁሉ ገዢ ያገኛል ማለት አይደለም።

በደቡብ ጎንደር የሚገኙትን ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን እንውሰድ። በአካባቢው እንጨት በማነሱ ለማሳ መዋል የሚገባው ኩበት ይነዳል። ስለዚህ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ፈላጊ ሊኖረው ይገባል።

አንድ የነፋስ መውጫ ነጋዴ እንዲህ ያለ ምድጃ ለማስመጣት አሰበ እንበል። የግብርና ሠራተኛና የቀበሌ ሹም አስከትሎ ወደ አንድ ገበሬ ቤት ይሄዳል። ባለቤትየዋም በእንግዶቹ ፊት ደረቁን እንጨት መርጠው፣ አሳንሰው ፈልጠው፣ እሳቱን ሳይለቁ ይጋግራሉ። “እንዴት አገኙት?” ሲባሉ “ደግ ነው፤ እግዜር ይስጥልን” ይላሉ። ነጋዴው ይህን ሰምቶ ብዙ ምድጃ ያዛል።

ሴትዮዋ ዋሹ ማለት አይቻልም። በአንድ በኩል እንግዳን ማሳፈር ነውር ነው፤ ይሉኝታ ይይዛል። በሌላ በኩል ስሌት አለ። በእነዚህ ወረዳዎች ከ1997 ዓ.ም. የሴፍቲኔት ፕሮግራም በፊትም ሆነ በኋላ፣ ደብተር ይዞ የሚጠይቅ ሰው ከእርዳታ ምዝገባ ጋር ተያይዞ ይታያል። ማመስገን ምንም አያስከፍልም፤ መንቀፍ ግን ያስቀር ይሆናል። ስለሆነም መልሱ የሚለካው የምድጃውን ተፈላጊነት ሳይሆን የታዛቢውን ክብደት ነው።

ነገሩ የኛ አገር ብቻ አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1924 እስከ 1932 ቺካጎ አጠገብ በሚገኘው የሀውቶርን ፋብሪካ የተካሄዱት ጥናቶች፣ ሠራተኛ መታየቱን ሲያውቅ አሠራሩን ይለውጣል ለሚለው ሐሳብ መነሻ ሆነዋል፤ ውጤታቸው ግን እስካሁን ያከራክራል። በ2017 የታተመ የኡጋንዳ ጥናት የበለጠ ይቀርበናል። በምድጃዎች ላይ የሙቀት መለኪያ ተገጥሞ ሲታይ፣ ታዛቢዎች ባሉበት ጊዜ አዲሱ ምድጃ በብዛት ይነዳል፤ ሲሄዱ ወደ ሦስቱ ጉልቻ ይመለሳል።

ታዲያ ነጋዴው ምን ያድርግ? ሹሙን ትቶ፣ ቢቻል አንዲት ሴት ብቻ ይላክ። ማገዶውን መዝኖ አስረክቦ ይሂድ፤ ከሳምንት በኋላ የተረፈውን ይመዝን። ሳያስታውቅ ተመልሶም ምድጃው ጥቀርሻ ይዞ እንደሆነ ወይስ የዶሮ ማደሪያ ሆኖ እንደቀረ ይመልከት። ከሁሉ የሚሻለው ግን በመጨረሻ “ምድጃው ይቅርልዎ ወይስ ዋጋውን በብር ልስጥዎ?” ብሎ ማስመረጥ ነው። ብሩን ከመረጡ ገበያው ተናገረ ማለት ነው።

ይህ ጥንቃቄ ነጋዴውን ከኪሳራ፣ ጥቂት ብር ያላትንም እናት ለማትጠቀምበት ዕቃ ከማውጣት ያድናል።